የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች

ወገኔ፣ የዛሬው ጽሑፍ አይጥምህም። ላይክ አድርገህ የምታልፈው ዓይነትም አይደለም። ግን የዚህ ገጽ ተከታይ ከሆንክ፣ «ለወገኔ ቆሜያለሁ» ብለህ ፕሮፋይልህ ላይ ባንዲራ ከሰቀልክ፣ እስከ መጨረሻው የማንበብ ዕዳ አለብህ።

ባለፈው ሰኔ ምን ሆነ? አሜሪካ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሕጋዊ የሆነበት ቀን ሲከበር የሚያሳይ ቪዲዮ አንዱ አምጥቶ እዚህ ለጠፈ። ኮሜንቱ ጎረፈ። ስድቡ፣ እርግማኑ፣ ፌዙ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም። በዚያው ሌሊት ኢንቦክሳችን ውስጥ አንዲት እህታችን እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ባሌ አሜሪካ ነው፣ ዜግነት አለው። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ መርቆን፣ ክብር መዝገብ ፈርመን ነው የተጋባነው። ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ኢንተርቪው ገባሁ፣ ‹ጉዳይሽ በማጣራት ላይ ነው› የሚል ወረቀት ሰጥተውኝ ቀረ። ልጄ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። ገጻችሁ ብዙ ሰው አለው፤ ምን ማድረግ ይቻላል?»

ስንቱ መለሰላት? ማንም። እኛ አድሚኖቹም አልመለስንላትም። ሁላችንም ቪዲዮው ሥር ነበርና። የማናውቃቸው ሰዎች፣ በማናውቀው ከተማ፣ ከማን ጋር እንደተጋቡ ስንከራከር የራሳችን እህት ትዳሯ ፋይል ውስጥ ተዘግቶባት ቁጭ ብላለች።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። እና ያረረው ድስት የኛ ነው።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገርህ። የምነግርህ ልታደንቃቸው ወይም ልትጠላቸው አይደለም። እነሱ ያወቁትን አንተ ያላወቅከውን ነገር እንድታውቅ ነው።

ሪቻርድ አዳምስ የሚባል ሰው ነበር። ፊሊፒንስ ተወልዶ አሜሪካዊ ዜግነት ያገኘ። ጓደኛው አንቶኒ ሱሊቫን ደግሞ አውስትራሊያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮሎራዶ ክፍለ ሀገር፣ ቦልደር በምትባል ከተማ አንዲት የመዝገብ ሹም ለጥቂት ተመሳሳይ ፆታ ላላቸው ጥንዶች የጋብቻ ፈቃድ ሰጥታ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ሄደው ተጋቡ። ከዚያ አዳምስ እንደማንኛውም አሜሪካዊ ባል ለኢሚግሬሽን አመለከተ፦ «የትዳር አጋሬ ነው፣ መኖሪያ ፈቃድ ስጡልኝ» አለ።

መልሱ በደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት ሁለቱን ሰዎች የጠራው እዚህ በማልደግመው የመንገድ ስድብ ነው። አስበው፣ የመንግሥት ማህተም ያለበት ወረቀት ላይ ስድብ! አንተ ኤምባሲ በር ላይ ቆመህ፣ ሰነድህን ገልብጠው ሳያዩ ሲመልሱህ የተሰማህን ታስታውሳለህ? ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ንቀት አንብበሃል። እነሱ ግን ተጽፎ ነው የመጣላቸው።

ምን አደረጉ? ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 በይግባኝ ተሸነፉ። ሱሊቫን «ከሀገር መባረሬ ከባድ ጉዳት ነው» ብሎ በሌላ መንገድ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ይኼንንም ተሸነፈ። ያንን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ይባላል። ስሙን ያዘው፣ እንመለስበታለን። ሁለቱ ከአሜሪካ ወጥተው አውሮፓ ተንከራተቱ፤ ኋላ ተመልሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድምፃቸውን አጥፍተው ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ነገሩ ባሰ። ኮንግረሱ ጋብቻ በፌዴራል ሕግ የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፈረመ። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ጉዳይ ነውና በሩ ከላይ እስከ ታች ተቆለፈ። ሰዎቹ ግን ኮሜንት እየጻፉ አልተቀመጡም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በዚህ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚሠራ የሕግ ድርጅት አቋቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንደራሴ ጄሮልድ ናድለር በኩል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ወደቀ። በሚቀጥለው ኮንግረስ ደግመው አቀረቡ። ወደቀ። እንደገና አቀረቡ። ያ ረቂቅ እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አልጸደቀም! ግን በቀረበ ቁጥር አንድ ቤተሰብ ስሙን ጠርቶ፣ ፊቱን አሳይቶ፣ «እኔ ዜጋ ነኝ፣ አጋሬን አስወጣችሁብኝ» እያለ መሰከረ።

በሩን የከፈተው ምን ይመስልሃል? ቪዛ? አይደለም። ግብር ነው! ኢዲት ዊንዘር የምትባል የኒውዮርክ አሮጊት፣ ካናዳ ሄዳ ያገባቻት ሴት እ.ኤ.አ. በ2009 ስትሞትባት፣ መንግሥት እንደ ባልና ሚስት ስላልቆጠራቸው 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፈላት። ከሰሰች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደላት፤ የ1996ቱ ሕግ ዋና አንቀጽ ፈረሰ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ማን ነበር? አንቶኒ ኬኔዲ። ከ28 ዓመት በፊት ሱሊቫንን የመለሰው ያው ሰውዬ።

ውሳኔው በተሰጠ በቀናት ውስጥ ኢሚግሬሽን ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች መኖሪያ ፈቃድ ማጽደቅ ጀመረ። አዳምስ ግን አላየውም፣ ስድስት ወር ቀድሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ሞቷል። ሱሊቫን የሟቹን የ1975 ማመልከቻ እንዲያዩለት ጠየቀ። ለዚያ ስድብ ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከኢሚግሬሽን ኃላፊው ተጻፈለት። እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከ41 ዓመት በኋላ፣ መኖሪያ ፈቃዱን በእጁ ያዘ። የሞተ ሰው ባቀረበው ማመልከቻ።

አርባ አንድ ዓመት፣ ወገኔ። እኛ አንድ ፊርማ ማሰባሰቢያ በሦስተኛው ቀን የሚሰለቸን ሰዎች ነን።

አሁን የምትለውን አውቃለሁ። ኮሜንትህን ከመጻፍህ በፊት ልጻፍልህ።

«አድሚን፣ ተለወጥክ እንዴ? ባህላችንን ልታስቀይር ነው?»

ስለ ጋብቻ ያለህን እምነት እኔ አልነካም። ቤተ ክርስቲያንህ፣ መስጊድህ ያስተማረህ አለ፤ የሀገርህ ሕግም የት እንደቆመ ታውቃለህ። እኔ የምልህ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ስድብ አቋም አይደለም። እምነት ያለው ሰው እምነቱን ተናግሮ ይቀመጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያዋርድ የሚያድር ሌላ ነገር ነው የጎደለው። ያንን ኮሜንት በዝምታ ከሚያነቡት መካከል የእናትህ ልጅ ሊኖር ይችላል። ወገን አዋርደህ ወገን አታተርፍም።

ሁለተኛ፣ ሁለት ጥያቄ አታደባልቅ። «ጋብቻ ምንድን ነው?» አንድ ጥያቄ ነው። «መንግሥት ሁለት ሰዎችን ከአንድ ጣሪያ ሥር ነጥሎ ማስወጣት ይችላል ወይ?» ሌላ ጥያቄ ነው። አውሮፓ ይኼን ለይታ አይታዋለች። አድሪያን ኮማን የሚባል ሩማንያዊ ብራሰልስ ውስጥ አሜሪካዊ ወንድ አገባ። ሩማንያ ጋብቻውን አላውቅም አለች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ምን ፈረደ? «የጋብቻ ሕግሽን ለውጪ አላልንሽም፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ግን እንደ ትዳር አጋር ልትቆጥሪው ይገባል» አላት። አየህ? ሀገሪቱ የራሷን የጋብቻ ትርጉም ይዛ ትቆያለች፣ ሰውየው ግን ከአጋሩ ጋር የመኖር መብት አለው ማለት ነው ፍርዱ። ጥያቄው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። መለየት ያቃተን እኛ ነን።

«እሺ፣ እሱ የነሱ ጉዳይ ነው። እኛን ምን አገባን?»

ያገባሃል! ሳንድራ ሙኞዝን አታውቃትም። አሜሪካዊት ዜጋ ናት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጠበቃ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ሰው አገባች። ወንድና ሴት ናቸው፣ ልጅ አላቸው፣ ማንም «ይኼ ትዳር አይደለም» አላላቸውም። ባልየው ቪዛውን ለመውሰድ ወደ ሀገሩ ሄደ፣ እዚያው ቀረ። ቆንስላው ከለከለው። መጀመሪያ ምክንያት ብሎ የሰጠው የአንቀጽ ቁጥር ብቻ ነው። ኋላ ነው የወንበዴ ቡድን አባል ነው ብለው እንደጠረጠሩት የታወቀው፤ ቤተሰቡ «ንቅሳቱን አይተው ነው» አለ። ሚስት ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ፈረደባት፦ አንድ ዜጋ የውጭ ዜጋ የትዳር አጋሩን ወደ ሀገር የማስገባት መሠረታዊ መብት የለውም።

ደግመህ አንብበው። ይኼ ፍርድ ስለ ተመሳሳይ ፆታ አይደለም። ይኼ ፍርድ ስለ አንተ ነው። ስለ ሜሪላንዱ ታክሲ ነጂ፣ ስለ ሚኒያፖሊሷ ነርስ፣ ስለ ዳላሱ ባለ ሱቅ ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ሚስቱን ወይም ባሏን ትቶ ስለሄደ ዜጋ ሁሉ ነው። የቆንስላ ሠራተኛው «አይ» ካለ፣ ለምን እንዳለ ዳኛ ፊት ቀርቦ የሚጠየቅበት መንገድ ከቀድሞውም ጠቧል። ታዲያ ያን ቀን ይኼ ገጽ ምን ለጠፈ? ፈልጌ አየሁ። ምንም።

ሰማንያ ስለፈረምክ ትዳርህ የታወቀ ይመስልሃል። ሽማግሌ ስላስታረቀ፣ ቄሱ ስለባረከ፣ ቃዲው ስላሰረ የጸና ይመስልሃል። በወገንህ ዘንድ ልክ ነህ። በድንበር ላይ ግን ትዳርህ ማመልከቻ ነው። ታምኖ እስኪፈረምበት ድረስ ሐሰት ተብሎ የሚጠረጠር ማመልከቻ።

እንግሊዝን ተመልከት። ዜጋው ወይም ነዋሪው የትዳር አጋሩን ለማምጣት በዓመት የሚያስፈልገው ገቢ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ 18,600 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በአንድ ጊዜ 29,000 ሆነ። ለንደን ውስጥ ሽማግሌ እየጦረች፣ ሌሊት ሌሊት እየሠራች የምትኖር እህትህ ያንን ካላገኘች ባሏ እዚያው አዲስ አበባ ይቆያል። ፍቅር በፓውንድ ተለካ። ዴንማርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በመርሕ ሁለታችሁም 24 ዓመት ካልሞላችሁ አጋርህን አታመጣም ትላለች። እነዚህ ሕጎች ሲወጡ ማን ጮኸ? የፓኪስታን ልጆች ጮኹ፣ የሶማሌ ልጆች ጮኹ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ጮኹ። እኛስ? እኛ እርስ በርሳችን ላይቭ ገብተን ዘር እየቆጠርን ነበር።

እስካሁን የሰው በር ነው ያንኳኳነው። አሁን ወደ ራሳችን በር እንምጣ። ብሔርተኛ ነኝ የሚል ሰው የሚለካው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 በወጣው የዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ ሴት ሲያገባ ሚስቱ ኢትዮጵያዊት ትሆን ነበር። ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ ዜጋ ስታገባ ግን የባሏ ሀገር ዜግነቱን ከሰጣት የራሷን ታጣለች። በገዛ ሀገሯ ባዕድ! ዛሬ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ወንድም ሆነ ሴት የውጭ ዜጋ በማግባቱ ኢትዮጵያዊነቱን አያጣም ይላል። አንቀጽ 6 ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ይኼን አንቀጽ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ ሠርታ ስታድር ከውጭ ሰው የወለደች እህታችን ልጇን ታቅፋ «አባቱ ስለካደ ሀገር የለውም» እየተባለች ታለቅሳለች። ሀገር አለው። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፣ አለቀ። ይኼን ሼር አድርገህ ታውቃለህ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ዜጋ ያገባ ሰውስ? በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የትዳር አጋሩ በጋብቻ ዜግነት ለመጠየቅ ጋብቻው ሁለት ዓመት ሊሞላው፣ ቢያንስ አንድ ዓመት እዚህ ሊኖር፣ የቀድሞ ዜግነቱንም ሊለቅ ይገባል። ጥምር ዜግነት አንፈቅድም። ጥሩ፣ ሀገር የራሷን ደንብ ታወጣለች። ግን ሌላው ሀገር በኛ ባልና ሚስት ላይ ደንብ ሲያጠብቅ «ግፍ ነው» የምንል ከሆነ፣ የኛንም ደንብ አንድ ቀን ቁጭ ብለን እናየዋለን ወይስ አናየውም?

ከሁሉ የከፋውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን አታነሱትም። ኤርትራ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ምን ሆነ? አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ የወለደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ሪፈረንደም ድምፅ ሰጥተሃል ተብሎ ከአልጋው ተነስቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። በአሥር ሺህዎች ተባረሩ። ከዚያ ወገንም የኛ ሰዎች ንብረታቸውን ጥለው ተባረው መጡ። ሚስት እዚህ፣ ባል እዚያ። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ። ስልክ የለ፣ አውሮፕላን የለ፣ ፖስታ የለ። ሃያ ዓመት! ኋላም ቢጫ ካርድ ተብሎ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የመታወቂያ አዋጅ ሲወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 270/1994፣ ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የያዘውን ለይቶ አስቀረው። አሜሪካዊ የሆነው ልጅህ ካርዱን ይይዛል፤ ከአንድ ማዕድ የበላው አማችህ አይይዝም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ስልኩ ሲከፈት ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሁሉ እየደወለ አለቀሰ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አስመራ ሲያርፍ አባትና ልጅ መሬት ላይ ወደቁ። በመስከረም 1 ዛላምበሳ ላይ ሰው ከሰው ተቃቀፈ። አይተሃል፣ አልቅሰሃል፣ ሼር አድርገሃል። ከዚያስ? በሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። በረራውም እ.ኤ.አ. በ2024 ቆመ። ዛሬ ስለ ወደብና ስለ ጦርነት ስትፎክር፣ በዚያ ድንበር ሁለት ወገን ስንት ባልና ሚስት እንደተከፈለ ቆጥረህ ታውቃለህ? ወደብ ሲባል ደምህ ይፈላል። የተከፈለ ቤት ሲባል ስክሮል ታደርጋለህ።

እኔ ብሔርተኝነትን የምረዳው እንዲህ ነው። ባንዲራ የሚተከለው ሰው የሚኖርበት ቤት ላይ ነው። ቤቱ ከተከፈለ፣ ባንዲራው የሚውለበለበው ባዶ ግቢ ላይ ነው። ለመሬት የሚዋደቅ፣ ለቤተሰብ ግን አንድ ደብዳቤ የማይጽፍ ወጣት ሀገር ወዳድ አይደለም፤ ጩኸት ወዳድ ነው።

አንድ መራራ ነገር ጨምሬ ልንገርህ፣ እሱም የራሳችን ነው። የወረቀት ጋብቻ። ደላላው «ይኼን ያህል ዶላር ክፈል፣ ሚስት አገኝልሃለሁ» ይላል፤ ሠርጉ በኪራይ ቬሎ፣ ፎቶው በኪራይ ሚዜ። ሁላችንም አንድ እናውቃለን፣ ሁላችንም ስቀን አልፈናል። አሜሪካ ውስጥ ይኼ እስከ አምስት ዓመት እስር እና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው። የተያዘ ሰው ኋላ የእውነት ቢያገባ እንኳ በትዳር በኩል በሩ ይዘጋበታል። ዋናው ዕዳ ግን እሱ አይደለም። አንድ ሐሰተኛ ሠርግ በተነቃበት ቁጥር መስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ የሚቀጥለችውን እውነተኛ ሙሽራ በጥርጣሬ ያያታል። «የባልሽ የጥርስ ብሩሽ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» እየተባለች የምትሸማቀቀው እህትህ፣ የምትከፍለው የደላላውን ዕዳ ነው። እዚህ ገጽ ላይ የደላላ ማስታወቂያ ሥር «ኢንቦክስ» ብለህ የጻፍክ ሰው ካለህ፣ አጥፋው።

በቃ፣ ወቀሳው ይብቃ። ምን እናድርግ?

፩. መዝግብ። የባህልም ይሁን የሃይማኖት ጋብቻ ያደረግክ፣ ወረዳ ሄደህ በወሳኝ ኩነት አስመዝግብ፣ ሰርተፍኬቱን ያዝ። የላክከውን ገንዘብ ደረሰኝ፣ የተጓዝክበትን ቲኬት፣ የተደዋወላችሁበትን፣ የሠርጉን፣ የመልሱን ፎቶ አስቀምጥ። አዳምስና ሱሊቫን የ1975ቷን ወረቀት ባያስቀምጡ ኖሮ በ2016 የሚከራከሩበት ነገር አይኖራቸውም ነበር። ትዳርህን አንተ ካልመዘገብከው ማንም አያውቅልህም።

፪. የወከልከውን ሰው አስጨንቅ። አሜሪካ ያለህ ዜጋ፣ የኮንግረስ ተወካይህ ቢሮ የተጓተተ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አለው። ፈቃድ የምትሰጥበትን ቅጽ ሞልተህ ትፈርማለህ፣ እነሱ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁልሃል። ነፃ ነው። ድምፅህን የሰጠኸው ለዚህ ነው። መልሱ ሳይሰጥ ዓመታት የተጓተተባቸው አንዳንዶች ደግሞ መዘግየቱን ራሱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰው መልስ አስገድደዋል። ሁሌ አይሳካም፤ ጠበቃ ጠይቅ፣ ደላላ አትጠይቅ።

፫. ተደራጅ። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሬሳ በአውሮፕላን ይልካል። ለሞተው ሰው እንዲህ የተደራጀን ሕዝብ፣ በሕይወት ለተለያየው ባልና ሚስት አንድ የጠበቃ መዋጮ ማቋቋም ያቅተናል? በየከተማው ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር በወር አንድ ቀን፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጠረጴዛ ይበቃዋል።

፬. የራስህን ሕግ አንብብ። ሕገ መንግሥቱን፣ የዜግነት አዋጁን፣ የቢጫ ካርዱን አዋጅ። በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦች ጉዳይ ከፖለቲካ ተነጥሎ እንዲታይ ጠይቅ። መንግሥታት ቢጣሉም ባልና ሚስት የሚገናኙበት አንድ በር ይቅር ብለህ ጠይቅ። ይኼን መጠየቅ ክህደት አይደለም።

አንድ ጥያቄ ይቀርሃል፣ አውቃለሁ። «ታዲያ እነዚያን ሰዎች ለምን አመጣሃቸው? ሌላ ምሳሌ አጣህ?»

አላጣሁም። ሆን ብዬ ነው። አርባ ዓመት መንግሥት ያልተቀበላቸው፣ አብዛኛው ሰው የሳቀባቸው፣ ሕግ የተሰደበላቸው ሰዎች አንድ ረቂቅ እየወደቀባቸው ሌላ እያነሱ በሩን ከፈቱት። አንተ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም መንግሥቱም «ትዳርህ ክቡር ነው» የሚልህ ሰው ነህ፤ እንዲህም ሆኖ የገዛ እህትህን ባል አጥር ዘለህ ማምጣት ቀርቶ ለኢንቦክሷ አልመለስክም። ያፈርኩት በዚህ ነው። ይኼ እውነት የሚያምህ ከሆነ፣ ሕመሙ ጥሩ ነው። ስድብ አድርገህ አታውጣው፣ ሥራ አድርገው።

እህታችን ዛሬ ጠዋት መልስ ጻፍንላት። ባሏ የሚኖርበትን ከተማ ጠየቅናት፣ የተወካዩን ቢሮ ስልክ ላክንላት፣ እዚያ ከተማ ካሉ ተከታዮቻችን ሦስት ልጆች አብረውት ሊሄዱ ተስማሙ። ቪዛውን ያመጣል ብዬ አልዋሽህም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ብቻዋን አይደለችም።

ቤትህ ውስጥ እንዲህ የተለያየ ባልና ሚስት ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሥር የሚኖሩበትን ከተማ ብቻ ጻፍ። ስም አትጻፍ፣ የፋይል ቁጥር አትጻፍ። ከተማዋን ብቻ። በዚያች ከተማ ያለህ ተከታይ ደግሞ «እኔ አለሁ» በል።

ስድብ የሚጽፍ ዛሬ ይሰረዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ኮሜንት ቢያብር ግን ማንንም አያስርም፣ ማንንም አይፈታም።

ያንተ ከተማ የት ናት?

ኢትዮጵያ ከነቤተሰቧ ለዘላለም ትኑር!